ለሦስት ሰው የምትፈላ ሞካ

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ነበር። ስለ አንድ አውሮፕላን ጠራጊና ስለ አንዲት ትንሽ የቡና ዕቃ የሚጻፍ ነገር ለማን ይረባል የሚለው ጥርጣሬ ደጋግሞ ብዕሬን አስቀምጦኛል፤ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ የሚጽፈው አይጠፋም እያልኩም ጠብቄያለሁ። እስካሁን የጻፈው አልተገኘም። ስለዚህ ነገሩ እንደሆነው እንዲህ ነው።

አሰግድ በፍራንክፈርት አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ጠራጊ ነው። የእርሱ ሥራ የሚጀምረው የሌላው ሰው ጉዞ ሲያበቃ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ የመጨረሻው ሕፃን በእናቱ እቅፍ ሆኖ ከበሩ ሲሰወር፣ አሰግድና የሥራ ጓዶቹ መጥረጊያቸውን ይዘው በኋላው በር ይገባሉ። ወንበሮቹ ገና አልቀዘቀዙም። ትራሶቹ ላይ የሰው ራስ ያጎደጎደው ስፍራ እንዳለ ነው፤ አንዱ የጀመረውን ጋዜጣ፣ ሌላው የልጁን ካልሲ ጥሎ ሄዷል። ሰዎቹ ግን የሉም። አሰግድ ለብዙ ዓመታት ሰው በቅርቡ የነበረበትን ቦታ ሲያጸዳ ኖሮ፣ ማታ ማታ ማንም ወዳልነበረበት ክፍሉ ይመለስ ነበር።

ክፍሉ ሽቫንሃይም ነው፤ አሥራ ሁለት ቁጥር ትራም የመጨረሻ ተሳፋሪዎቿን አውርዳ የምትዞርበት አካባቢ፣ ከደኑ ብዙም ሳይርቅ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላት ጥግ፣ ወደ ትራሙ የሚያሳይ መስኮት። በሩን ከጥቅል አመላላሽ በቀር ያንኳኳው ሰው አልነበረም፤ እርሱም ቢሆን የጎረቤት ዕቃ ተቀበልልኝ ለማለት ነው።

የተወለደው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሱም በጣቢያው ዕቃ ክፍል ለጥቂት ዓመታት ሠርቶ፣ ባቡሩ እየተዳከመ ሲሄድ አገር ለቀቀ። ቡና ጠግቦ ያደገ ሰው ነው፤ ነገር ግን ቡና አፍልቶ አያውቅም። እቤት ሲሆን እናቱና እኅቶቹ፣ ኋላም ለአጭር ጊዜ አብራው የኖረችው ሚስቱ ያፈሉለት ነበር። ውጭ ሲሆን ደግሞ ከጣቢያው ፊት ለፊት የነበረው የካፌ ማሽን እያፏጨ ይሠራለታል። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ያደርጋል በሚባልበት ቤት ላደገ ሰው ቡና እንደ ዝናብ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቅ ይቀበለዋል።

ፍራንክፈርትም ከመጣ በኋላ የሚቀዳለት አላጣም። ቦርንሃይም ውስጥ፣ ከቤርገር ሽትራሰ ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የአስመራው ተወላጅ ጋሽ ገብረሂወት የከፈቷት ጠባብ ካፌ ነበረች። አሮጌ የጣልያን ማሽን አላቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሐበሻ ወንዶች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ወንበሩ ስለማይበቃ ግማሾቹ ቆመው ይጠጣሉ። አሰግድ ብዙ አይናገርም። ባንኮኒው ጥግ ይቆምና የጋሽ ገብረሂወትን እጅ ያያል። ሽማግሌው ቡናውን እጀታ ባለው የማሽኑ ወንፊት ከሞሉ በኋላ ክርናቸውን ቀና አድርገው በትከሻቸው ክብደት ይጠቀጥቁታል፤ ከዚያ ማሽኑ ላይ ሲገጥሙት እንደ ማር የወፈረ ጥቁር ቡና በቀጭኑ ይወርዳል። የወፍራም ቡና ምሥጢር ያ መጠቅጠቅ እንደሆነ አሰግድ አልተጠራጠረም። አንዱ ቀልድ ሲያመጣ አብሮ ይስቃል፤ ሁለት ሲኒ ጠጥቶ በትራም ይመለሳል። ሳምንቱን የሚያሻግረው ይኸው ነበር።

በፈረንጆች 2012 የጸደይ ወራት ካፌዋ ተዘጋች። ያረጀችው ካፌ የሕንፃውን ባለቤት አዲስ ኪራይ አልቻለችም፤ ጋሽ ገብረሂወትም ማሽኑን ሸጠው ቁልፉን አስረከቡ። በመጨረሻው እሑድ ወንዶቹ በሩ ላይ ቆመው ተጨባበጡና «እንደዋወላለን» ተባባሉ። በዚህ ከተማ «እንደዋወላለን» ማለት ቻው ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አሰግድ ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ስልኩን ከአጠገቡ አላራቀም።

የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ በሩን አንኳኩቶ እንዲቀመጥለት። ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰንብቶ እንዲህ ብሎ ደመደመ፦ ሰዎቹን የሚሰበስባቸው ቡናው ነበር፤ ያንን የሚመስል ቡና በእኔ ቤት ከተገኘ እኔም ጋር ይመጣሉ።

አንድ ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲያልፍ፣ አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ወገባቸው ቀጠን ያለ ሁለት የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያዎች በጨርቅ ላይ ደርድራ አየ። ሞካ ይባላሉ አለችው። ከታች ውኃ፣ ከመካከል ቡና፣ ከላይ ባዶ፤ ውኃው ሲፈላ እንፋሎቱ እየገፋው በቡናው ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ማሽን አያስፈልግም። ከሁለቱ አንዷ ለአንድ ሰው የምትበቃ ጩጬ ነበረች። አሮጊቷ አሰግድን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ጩጬዋን አነሣችለት። አሰግድ ተቀብሎ መልሶ አስቀመጣትና ትልቋን ያዘ።

«እሷ ለሦስት ሰው ናት» አለችው ጣቶቿን እያሳየች።

«አውቃለሁ» አላት።

የመጀመሪያው ሙከራው ለጠላት አይስጥ የሚያሰኝ ነበር። ለጀበና የሚሆን፣ እንደ ዱቄት የላመ ቡና ገዝቶ በሞካዋ ወንፊት ሞላ፤ ከዚያ የጋሽ ገብረሂወትን እጅ አስታውሶ፣ ክርኑን ቀና አድርጎ፣ በብርጭቆ ቂጥ በትከሻው ክብደት ጠቀጠቀው። ምድጃውን እስከ መጨረሻው ለቀቀ። ውኃው ፈላ፤ የሚወጣበት ግን አላገኘም። ሞካዋ አቃሰተች፣ በጎኗ አፏጨች፣ በመጨረሻም በመጋጠሚያዋ በኩል ቡናውን ግድግዳው ላይ ረጨችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ አሰግድ ሲወለውል አመሸ። የጋሽ ገብረሂወት ማሽን የራሱ ጉልበት እንዳለው፣ ይህች ግን ያላት የውኃ ትንፋሽ ብቻ እንደሆነ የገባው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ሸካራ ቡና ሞከረ፤ ሻይ የመሰለ ወጣ። ኋላ ከአንድ የጣልያን ግሮሰሪ ለሞካ ተብሎ የተፈጨውን፣ ከአሸዋ የላመ ከዱቄት የሻከረ ቡና አገኘ። ወንፊቱን ሞልቶ በቢላ ጀርባ አስተካከለው እንጂ አልጠቀጠቀውም። ውኃውን አስቀድሞ አሙቆ ከጎኗ ካለችው የእንፋሎት መተንፈሻ ዝቅ ብሎ እስኪቆም ቀዳ። ምድጃውን ቀነሰ፤ ክዳኗን ከፍቶ ጠበቀ። ቡናው ጥቁር ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ እየተጎተተ መጣ። መልኩ ገርጥቶ ሞካዋ መንተክተክ ስትጀምር ፈጥኖ አንሥቶ ቂጧን በቀዝቃዛ ውኃ ነከረው፤ ያን ጊዜ የመጨረሻው መራራ ውኃ ሳይቀላቀል ቀረ። ቀመሰ። ምላሱ ላይ ተቀመጠ። የካፌውን ያህል ባይሆንም፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠጣ ሰው ሊሳሳት ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ አልሆንለት አለ። ለራሱ ብቻ ለማፍላት ውኃውንም ቡናውንም ሲያጎድል፣ የሚወጣው ቀጭንና የተቃጠለ ነበር። ሞካ ግማሽ አታውቅም፤ ወይ ሦስት ሲኒ ናት፣ ወይ ምንም። ስለዚህ ከሥራ በፊት ሦስት ሲኒ እያፈላ፣ አንዱን እየጠጣ፣ ሁለቱን ይደፋ ነበር። ቡና መድፋት በእናቱ ቤት ነውር ነው። በደፋ ቁጥር ቧንቧውን ከፍቶ ጠረኑን ያባርረዋል።

እጁ ሲጠና ስልክ አነሣ። ለጋሽ ገብረሂወት ደወለ፤ አላነሡም። «ጋሼ፣ አሰግድ ነኝ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና አለ፣ ሽቫንሃይም» ብሎ መልእክት ተወላቸው። ቀጥሎ ለጥላዬ ደወለ። ጥላዬ ቦርንሃይም የሚኖር፣ የካፌዋ ቀልድ ሁሉ ከእርሱ አፍ የሚወጣ ሰው ነው።

«አሴ፣ ማነው የሚያፈላው?» አለ ጥላዬ።

«እኔ ነኛ።»

«እግዜር ያውጣን። ማሽን ገዛህ?»

«ያለ ማሽን ነው። ቀምሰህ ፍረድ።»

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ስደቴን ጨርሼ ነው ቦርንሃይም የተቀመጥኩት። አሁን ደግሞ ወደ ሽቫንሃይም ልሰደድ?»

«ትራሟ ካንተ ሰፈር ተነሥታ እኔ ደጅ ነው የምታራግፍህ።»

«መምጣቱንስ እመጣለሁ። ወንድ ያፈላውን ቡና ከጠጣሁ በኋላ ማን ተሸክሞ ይመልሰኛል?» ጥላዬ ሳቀ፤ አሰግድም ሳቀ። «እሺ፣ እሑድ ፍራይ ነኝ፣ ሥራ የለኝም። ቴርሚን ያዝልኝ፣ ቀጠሮ። አልቀርም።»

እሑድ ደረሰ። አሰግድ ክፍሉን ጠረገ፤ አውሮፕላን እንደሚጠረግ ከጥግ እስከ ጥግ። ሦስት ሲኒ ደረደረ። ሁለት ወንበር ብቻ ስለነበረው አልጋውን በጋቢ ሸፍኖ መቀመጫ አደረገው። እንግዳን መዓዛው በር ላይ ይቀበለው ብሎ ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ሞካዋን ጣደ። ቡናው እንደ ተመኘው ወጣ። በመስኮቱ በኩል ትራሟ መጣች፤ ሰዎች ወረዱ፤ ሁሉም በየቤታቸው ተበተኑ፤ ትራሟ ባዶዋን ዞረች። ሌላዋም መጣች፤ እንደዚያው ሆነች።

ቡናው ሲቀዘቅዝ ለእንግዳ የቀዘቀዘ አይሰጥም ብሎ ሦስቱንም ራሱ ጠጣና በአዲስ ቡና እንደገና ጣደ። የቡናው ጣሳ ባዶ ሆነ። ሁለተኛው ሲወጣ የጥላዬ መልእክት ስልኩ ላይ መጣ፦ «አሴ ይቅርታ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆየን፣ ደግሞም ዘነበ። ሌላ ጊዜ።» አሰግድ መስኮቱን አየ። አስፋልቱ ርሶ ነበር፤ ካፊያ መሆን አለበት። መድፋቱ ስላስጠላው ሁለተኛውንም ሦስት ሲኒ እየቆየ ጠጣው። ልቡ በደረቱ ውስጥ ይሮጥ ጀመር፤ የሚሮጥበት ግን አልነበረውም። ሲኒዎቹን ሊያጥብ ሲነሣ ደወሉ ጮኸ።

ጋሽ ገብረሂወት ነበሩ። ኮፍያቸው ላይ ካፊያው አለ፤ ደረጃው አድክሟቸዋል።

«ኣንታ አሰግድ፣ ቤትህ ከፍራንክፈርት ውጭ ነው እንዴ?» አሉ ትግርኛ በቀላቀለ አማርኛቸው፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ። እዚህ ወንበሩ ላይ።»

አስቀመጣቸውና ወደ ምድጃው ዞረ። ጣሳውን ከፈተ፤ የለም። ይህን ጊዜ ቡና ከጀበና በቀር በሌላ ሲፈላ ያላየች እናት ልጅ የሚሠራውን ስሕተት ሠራ። አቦል ሲያልቅ በዚያው አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ ቶና ይሆናል፤ ዘግይቶ የመጣ እንግዳም ከቶናው ይደርሰዋል። እናቱ ቤት እንዲህ ነበር። ስለዚህ የሞካዋን አተላ እንዳለ ትቶ ከታች አዲስ ውኃ ሞላና መልሶ ጣዳት። ጀበና ግን ታጋሽ ናት፤ ለሚቀጥለው ታስተርፋለች። ሞካ ያላትን በአንዴ ሰጥታ የምትጨርስ ናት።

ጋሽ ገብረሂወት ቀመሱ። ሲኒውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት።

«ይህ ስንተኛው ነው?»

«ቶና ነው፣ ጋሼ።»

«ቶና አይደለም። አስከሬን ነው።»

አሰግድ አንገቱን ደፋ።

«አቦሉን ማን ጠጣው?»

«እኔ።»

«ሦስቱንም?»

«ሁለት ጊዜ አፍልቼ፣ ስድስቱንም።»

የሽማግሌው ትከሻ በሳቅ ተነቃነቀ። «ወደይ፣ ልጄ፣ አንተ እስከ ማክሰኞ አትተኛም» አሉት። ሳቃቸው ሲያበቃ ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። «ግድ የለም። ሰው አይቼ ልሂድ ብዬ ነው የመጣሁት። አየሁህ።»

እሑድ ነው፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ክፍት የሚገኘው ባቡር ጣቢያ ነው፤ እዚያ ደርሶ እስኪመለስ ሽማግሌው ይሄዳሉ። አሰግድ ኮፍያዋን አያት። ለወራት ሲጠብቅ የኖረው አንድ ሰው ከወንበሩ ሊነሣ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጡልኝ» ብሎ ወጣ።

ከፊት ለፊቱ ካለው በር ጀርባ ፍራው ኡልሪኽ የተባሉ ባልቴት ይኖራሉ። አሰግድ ደረጃው ላይ «ሃሎ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ሃሎ» ይሉታል፤ ከዚያ አልፎ አያውቅም። እናቱ ቤት ቢሆን ቡና ያለቀበት ሰው አጥሩን ተሻግሮ ይጮኻል እንጂ አያስብበትም። እዚህ ግን ጣቱን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ምናልባት ሰላማቸውን ያውክ ይሆናል፣ ምናልባት ይቆጡ ይሆናል። ከኋላው የጋሽ ገብረሂወት ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። አንኳኳ።

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ።

«ይቅርታ ፍራው ኡልሪኽ። ቡና አልቆብኝ ነው። እንግዳ አለብኝ።»

«እሑድ ነው እኮ» አሉ ባልቴቷ፤ ቁጣ ይሁን ማሳሰቢያ አልለየም። በሩ ተዘጋ። አሰግድ ሊመለስ ሲል ሰንሰለቱ ተፈትቶ የቡና ቆርቆሮ የያዘ እጅ ወጣ። ተቀበለ። አመስግኖ መሄድ ነበረበት፤ ነገር ግን ቡና የሰጠ ሰው ሳይጠራ አይቀርም፤ ሞካዋም ለሁለት አትፈላም።

«ሦስተኛ ሲኒ አለ» አላቸው። «ይምጡ።»

«እኔ?» ወደ ነጠላ ጫማቸው አዩ። «ከኩኸኔ ገና ግማሹ አለ» አሉና፣ ኬኩን ለማምጣት ወደ ውስጥ ገቡ።

አሰግድ የባልቴቷን ቡና በወንፊቱ ሞላ። ከጣልያኖቹ ቡና ይሻክራል፤ ስለዚህ እሳቱን ይበልጥ ቀነሰ። ጋሽ ገብረሂወት ኮፍያቸውን እንደያዙ እጁን ያዩ ነበር። በካፌዋ ዘመን እርሱ እሳቸውን እንዲያ ያያቸው ነበር።

«አትጠቀጥቀውም?»

«አትወድም ጋሼ። አንድ ቀን ጠቅጥቄ ግድግዳውን አጠበችልኝ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን መረመሩ። ያልለቀቀች ቡናማ ነጠብጣብ አገኙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስቱ ተቀመጡ፤ ሽማግሌውና ባልቴቷ በወንበሮቹ፣ አሰግድ በአልጋው ጫፍ። ፍራው ኡልሪኽ ጠጡና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ይህ ለልብ አይሆንም» ብለው ወተት ጠየቁ፤ ከዚያ ግን እስከ ጠብታው ጨረሱት። ጋሽ ገብረሂወት ሲኒውን ሳያስቀምጡ ብዙ ቆዩ።

«ማሽን አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ክሬማ፣ ያ አረፋው፣ የለውም። ግን ወፍራም ነው። አልዋሽህም።»

«መልእክቴ የደረሰዎት አልመሰለኝም ነበር።»

«ደርሶኛል። ስልክህንም አይቻለሁ። የጥላዬንም አይቼ አላነሣሁም።» ሲኒውን አዙረው አዩት። «ያን ሁሉ ዘመን የምቀዳው እኔ ነበርኩ፣ ሓወይ። የሚቀዳለት ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አላውቅበትም። ትራሟ ውስጥ ሆኜ ሁለት ጊዜ ወርጄ ልመለስ ነበር።»

አሰግድ ኬክ ቆርሶ ሰጣቸው።

«ይህን ከተማ ለቅቄ ማንሃይም ልሄድ ነው፣ የወንድሜ ልጅ ዘንድ» አሉ ደግሞ። «በሚቀጥለው ሳምንት። ለዚህ ነው ያልወረድኩት።»

ባልቴቷ የሚሉትን አልሰሙም፤ ቋንቋው አይገባቸውም። ነገር ግን የሽማግሌውን ፊት አይተው የኬኩን ሳህን ገፋ አደረጉላቸው። በመስኮቱ ሥር ትራሟ መጣች፣ አራገፈች፣ ዞረች። ማንም አልተነሣም። ቀጥላ የመጣችውም ያለ ጋሽ ገብረሂወት ተመለሰች። ከዚያ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አደረጉ፤ አሰግድ እስከ ፌርማታው ሸኛቸው። በሩ ሊዘጋ ሲል «እንደዋወላለን» አላሉም። «አትጠቅጥቀው» ብቻ አሉት።

ጋሽ ገብረሂወት ማንሃይም ናቸው። ጥላዬ እስካሁን አልመጣም፤ ሲገናኙ ግን ያንኑ ቀልድ ይደግመዋል። ፍራው ኡልሪኽ አንዳንድ እሑድ የወተት ጠርሙሳቸውን ይዘው ያንኳኳሉ፤ አንዳንድ እሑድ ደግሞ እግራቸው ያማቸውና በራቸው ዝግ ይውላል። በዚያን ቀን አሰግድ እንደ ወትሮው ሦስት ሲኒ ያፈላል፤ አንዱን ጠጥቶ ሁለቱን እስኪቀዘቅዙ ይጠብቃቸውና ይደፋቸዋል። ከዚያ ጣሳውን ያያል። ለሚቀጥለው የሚበቃ ሳያስቀር አያፈላም።

እቤት ውስጥ ያለ ማሽን የተፈላ ወፍራም ቡና የቀረውን ሰው አያመጣም፤ የመጣውን ግን አንድ ሁለት ትራም እስኪያልፈው ድረስ ያስቀምጠዋል።